ከችግኙ በፊት ውሃውን ጠይቁ፦ የተጎዳ መሬት እንዲያገግም ለምታቅዱ ግልጽ ደብዳቤ

የተጎዳ መሬት እንዲያገግም ዕቅድ ለምታወጡ፣ በጀት ለምትፈቅዱና ሪፖርት ለምትቀበሉ መሥሪያ ቤቶች

ጉዳዩ፦ ችግኝ ከመተከሉና እንስሳ ከመለቀቁ በፊት በቦታው የቆመው የተፈጥሮ ሥራ የትኛው እንደሆነ ተለይቶ እንዲቀርብ ስለመጠየቅ

ወደ እናንተ የሚመጡት የማገገሚያ ዕቅዶች መልካቸው አንድ ነው። ይህን ያህል ችግኝ እንተክላለን፣ ይህን ያህል ሄክታር ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነጻ እናደርጋለን፣ ገንዘቡ ከበቃ ደግሞ ጠፍቶ የነበረ የዱር እንስሳ አምጥተን እንለቃለን ይላሉ። ቁጥሩ ይጸድቃል፣ ሥራው ይጀመራል፣ ዓመቱ ሲያልቅ የተተከለው ተቆጥሮ ሪፖርት ይገባል። ቦታው ለምን እንደተጎዳ ከመግቢያው አንድ አንቀጽ ውጪ የሚጠይቅ የለም፤ እሱም ብዙ ጊዜ «በደን ጭፍጨፋና በልቅ ግጦሽ ምክንያት» የሚል ከሌላ ሰነድ የተቀዳ ዐረፍተ ነገር ነው።

ፍላጎት አልጠፋም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ከ2021 እስከ 2030 ያለውን ጊዜ ለሥነ ምህዳር ማገገም የተሰጠ አስርት ብሎ ሰይሞታል (በዚህ ደብዳቤ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ2022 መጨረሻ ሞንትሪያል ላይ አገሮች ከተጎዳው የየብስና የውሃ አካል ቢያንስ 30 በመቶው እስከ 2030 በማገገም ላይ እንዲሆን ተስማምተዋል። ቀነ ገደብ ሲቀርብ ቁጥር ማሯሯጥ ይመጣል፤ የምንጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። መሬት የሚያገግመው በራሱ ሥራ ነው፦ ውሃ ይዞ በማቆየት፣ ዘር በመቀበል፣ በመጋጥና በመታደን። ከእነዚህ አንዱ ሲቆም ሌሎቹም እየተከተሉ ይቆማሉ። የትኛው እንደቆመ ሳይታወቅ ገንዘብ አትፍቀዱ። ሲታወቅም ከታች ጀምሩ፤ መጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ዘር፣ ቀጥሎ ሣር በል፣ በመጨረሻ አዳኝ።

ቅደም ተከተሉ ለምን እንደሚያስፈልግ ሁሉም ከሰማው ምሳሌ እንነሣ። አሜሪካ ውስጥ በየሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ተኩላ በ1926 ገደማ ተገድሎ አለቀ። በ1995 14፣ በ1996 ደግሞ 17 ተኩላዎች ከካናዳ መጥተው ተለቀቁ። ከዚያ ወዲህ የሚወራው አጭርና ጣፋጭ ነው፦ ተኩላው ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ቀነሰ፣ አኻያው አደገ፣ ወንዙ ዳነ። እውነቱ ከዚህ ይረዝማል። ኤልክን የቀነሰው ተኩላ ብቻ አይደለም፤ ድብም፣ ፑማም፣ ከፓርኩ ውጪ ያለው አደንም እጃቸው አለበት። አኻያውም በየቦታው እኩል አላደገም። ተኩላ ባልነበረባቸው አሥርት ዓመታት ኤልክ አኻያውን ግጦ ሲጨርሰው፣ በአኻያ የሚኖረውና ግድብ የሚሠራበት፣ ቢቨር የሚባለው ጥርሰ ስለታም የውሃ ዳር እንስሳ ከትንንሾቹ ጅረቶች ጠፋ። ግድቡ ሲፈርስ ጅረቱ ወለሉን እየቆፈረ ወረደ፣ የከርሰ ምድሩ ውሃም ተከትሎት ራቀ። ከ2001 ጀምሮ በዚያው በተካሄደ የረጅም ጊዜ ሙከራ አንዳንዱ አኻያ ታጠረ፣ አንዳንዱ ጅረት ላይ ትንሽ ግድብ ተሠራ፣ አንዳንዱ ጋ ሁለቱም ተደረገ። በደንብ የረዘመው ሁለቱንም ያገኘው ነው። አጥር ብቻ ያገኘው ከመጋጥ ቢድንም ሥሩ ውሃ አልደረሰምና ለዓመታት አጭር ሆኖ ቆየ። ተኩላ የጋጩን ቁጥር ይቀንሳል እንጂ የወረደ ውሃ አያወጣም።

ስለዚህ ውሃው ላይ ረዘም አድርገን እንቆይ፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነውም እዚሁ ነው።

ቦረቦር ባለበት ቦታ አስቀድሞ የሚታየው ቦረቦሩ ሳይሆን ከበላዩ ያለው ተዳፋት ነው። የሚወርደው ጎርፍ ካልቀነሰ እታች ውሃውን ለማዘግየት ቦረቦሩን አቋርጦ የሚሠራው ክትር ሁሉ ይጠረጋል። ተዳፋቱ ሣር እንዲይዝ ከተደረገ በኋላ ወደ ክትሩ ይገባል። በልቅ ድንጋይ የሚሠራ ክትር ከ1 ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው። በሁለት ክትሮች መካከል ያለው ርቀት በዐይን ግምት አይወሰንም፤ የታችኛው ክትር የውሃ ማሳለፊያ አፍ ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መዋል አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የክትሩን ቁመት ለቦረቦሩ ወለል ተዳፋት ማካፈል ነው። ቁመቱ 80 ሳንቲ ሜትር፣ ተዳፋቱ 5 በመቶ ከሆነ በየ16 ሜትሩ አንድ ክትር ይመጣል፤ ተዳፋቱ 10 በመቶ ከሆነ በየ8 ሜትሩ። ድንጋይና ጉልበት ለመቆጠብ ርቀቱ ሲሰፋ መሐል ላይ ያለው ወለል መቆፈሩን ይቀጥልና የላይኛውን ክትር ከእግሩ ይንደዋል።

ክትር የሚፈርስባቸው ምክንያቶች በየአገሩ ያው ናቸው። መሐሉና ጎኑ እኩል ከፍታ ተደርጎ ከተሠራ ውሃው በጎን ዞሮ ዳርቻውን እየበላ ያልፋል፣ ክትሩም ደረቅ ላይ ብቻውን ተገትሮ ይቀራል። መሐሉ ከጎኑ ዝቅ ማለት አለበት። ጎኖቹ ዳርቻው ላይ ተለጥፈው ብቻ ከቀሩም ውጤቱ ያው ነው፤ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ዳርቻው አፈር ተቆፍረው ይግቡ፣ መሠረቱም ከወለሉ በታች ይጀምር። ከሁሉ የሚዘነጋው ግን ውሃው ከአፉ ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ ላይ የሚነጠፈው ድንጋይ ነው። ንጣፍ የሌለው ክትር ከላይ በኩል በደለል ሲሞላ እያማረ፣ ከታች በኩል ጉድጓድ እየተቆፈረለት ይሰነብትና በአንድ ኃይለኛ ዝናብ ይገለበጣል። ተቆጣጣሪ ሲመጣ የሚቆመው ብዙ ጊዜ ከላይ በኩል ነው። እባካችሁ፣ ዞራችሁ ከታች እዩት።

ዓመቱን ሙሉ በሚፈስ ትንሽ ጅረት ላይ ድንጋይ ላያስፈልግ ይችላል። የቢቨርን ግድብ የሚመስል የእንጨት ሥራ ይበቃል፦ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር እየተራራቁ 1 ሜትር ያህል ወደ ወለሉ የሚተከሉ ካስማዎች፣ በመካከላቸው የሚጠላለፍ የአኻያ ወይም የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ፣ ከሥሩ ድንጋይና ጭቃ። ውሃ በላዩም በመሐሉም ማለፍ አለበት፤ ድርቅ ያለ ግንብ አይደለም። አንዱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ተከታትለው ብዙ ሆነው ሲሠሩ አንዱ ቢፈርስ የፈረሰውን እንጨትም ደለልም ቀጣዩ ይይዘዋል። መፍረሱ ራሱ በዕቅዱ ውስጥ ሊኖር ይገባል። በአሜሪካ ኦሪገን፣ ብሪጅ ክሪክ በሚባል የተቆፈረ ጅረት ላይ ከመቶ በላይ እንዲህ ያሉ ግድቦች ተሠርተው ነበር። ቢቨሮች መጥተው ብዙዎቹን ራሳቸው ተረከቧቸው፣ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ አለ፣ የዓሣውም ቁጥር ጨመረ።

ቢቨር ግን ለቢቨር አገር ነው። በአውሮፓ ከመቶ ዓመት በፊት ወደ 1,200 ገደማ ብቻ ቀርቶ የነበረው ዛሬ ከሚሊዮን አልፏል፣ በየሄደበትም ረግረግ እያበዛ ነው። በደቡብ አሜሪካ ጫፍ፣ በቲየራ ዴል ፉዌጎ፣ በ1946 ለጸጉሩ ንግድ ተብለው የተለቀቁት 20 የሰሜን አሜሪካ ቢቨሮች ግን በብዙ ሺህ ተባዝተው ደኑን አወደሙት፤ የዚያ አገር ዛፍ ሲቆረጥ ከጉቶው አያቆጠቁጥምና። አንድ እንስሳ እዚህ ባለውለታ፣ እዚያ ወራሪ የሚሆንበት ምክንያት ይኸው ነው። «በሌላ አገር ሠርቷል» የሚል ማስረጃ ብቻ ይዞ የሚመጣ ዕቅድ ሲቀርብላችሁ ይህን አስታውሱ።

ውሃ በተጠነፈፈበት ረግረግ ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ሥራ ቦዩን መድፈን ነው። ቀደም ሲል በማዳበሪያ የታረሰ ከሆነ ውሃው እንደተመለሰ ፎስፈረስና ሚቴን መልቀቁ አይቀርም፤ ይህ ለአንድ ወቅት ሲታይ ፕሮጀክቱ ከሸፈ ብላችሁ አትዝጉት። በባሕር ዳርቻ ማንግሮቭ የሚባለው ጨዋማ ውሃ የሚችል ዛፍ የሚተከልበት ነገር ደግሞ ያሳዝናል። ባለቤት የሌለው ቦታ ስለሆነ ብቻ ችግኙ ከአማካይ የባሕር ወለል በታች ባለ ጭቃ ላይ ይተከላል። እዚያ ማንግሮቭ ድሮም አልበቀለም፤ ሥሩ ለረጅም ሰዓት ውሃ ውስጥ ስለሚቆይ አየር አጥቶ ይሞታል። የተተወ የሽሪምፕ ኩሬ ካለ ግድቡን በትክክለኛው ቦታ መክፈትና የባሕሩ ውሃ ሲሞላ ገብቶ ሲጎድል እንዲወጣ ማድረግ ይሻላል፤ አጠገቡ እናት ዛፍ ካለ ዘሩን ውሃው ራሱ ያመጣዋል።

ወደ ዘር እንለፍ። ተከላ ከመታዘዙ በፊት መሬቱ ላይ ምን እንደቀረ ይቆጠር። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆኑ መደቦች በተለያየ ቦታ ወስዳችሁ፣ በሕይወት ያሉ ጉቶዎችንና ከጉልበት በታች የሆኑ አገር በቀል ቡቃያዎችን ቁጠሩ። ባዶ የሚመስል መሬት ብዙ ጊዜ ባዶ አይደለም፤ በየዓመቱ እየተጋጠ ወይም እየተቃጠለ ሣር መስሎ የኖረ ዛፍ አለበት። ኒጀር ውስጥ ከ1980ዎቹ ጀምሮ 5 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ የእርሻ መሬት ዛፍ መልሶ ያበቀለው በዚህ መንገድ ነው፤ ከጉቶ እንጂ ከችግኝ ጣቢያ አይደለም። በደቡብ ኢትዮጵያ ሁምቦም ከ2006 ጀምሮ 2,728 ሄክታር ተራራ በዋናነት በዚሁ ዘዴ ደን ለብሷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት ብዙ ቀንበጦች ጠንካራና ቀጥ ያሉ ከ3 እስከ 5 ይመረጣሉ፣ የቀሩት ይቆረጣሉ። የተመረጡት ላይ ያለው የጎን ቅርንጫፍ እስከ ቁመታቸው እኩሌታ ድረስ ብቻ ይነሣል፤ ከዚያ በላይ ከተመለመለ ቀንበጡ ጫፉ ብቻ ከብዶት በነፋስ ይጎብጣል። ቢላዋው ስለታም ይሁን፣ ቆረጣውም ከታች ወደ ላይ፤ ዶልዶም መጥረቢያ ከላይ ሲወርድበት ልጡ እስከ ግንዱ ይገሸለጣል፣ በዚያ ቁስል ምስጥና በሽታ ይገባል። አንድ ጊዜ መልምሎ መተው አይበቃም፤ አዲስ ቀንበጥ በወጣ ቁጥር፣ በየጥቂት ወሩ፣ ይደገማል። ሠራተኛው የመለመለውን እንጨት ለማገዶ እንዲወስድ ፍቀዱለት። ካልፈቀዳችሁ ማታ መጥቶ የተመረጠውን ቀንበጥ ይወስዳል።

ጉቶም ቡቃያም ከሌለ ተከላ ያስፈልጋል፤ ያኔም ቢሆን ቦታውን ሁሉ መሙላት ግዴታ አይደለም። በደቡብ ኮስታሪካ ከ2004 እስከ 2006 በተጀመረ ሙከራ ዛፎች በደሴት በደሴት ሆነው፣ መሐሉ ባዶ እየተተወ ተተከሉ። ከሙሉ ተከላው ሩብ ብዙም በማይርቅ የችግኝ ብዛት ዓመታት ቆይቶ የተገኘው የደን ማገገም ከሙሉው ጋር ተቀራራቢ ሆነ፤ ወፎችና የሌሊት ወፎች በየደሴቱ እያረፉ ዘር ጣሉበት። 4 ሜትር በ4 ሜትር የሆኑት ደሴቶች ደካሞች ነበሩ፣ 8 በ8 እና 12 በ12 የሆኑት ሠሩ። ይህ የሚሆነው ግን ዘር የሚያመጣ እንስሳና ዘር የሚሰጥ ደን በአቅራቢያው ሲኖር ነው። ትልቅ ፍሬ ያለው ዛፍ ትልቅ ዋጭ ይፈልጋል። በሞሪሸስ ደሴቶች አንዱ በሆነው ኢል ኦ ዜግሬት የአገሩ ግዙፍ ኤሊ ከጠፋ በኋላ የዞጲ ዛፍ ፍሬ ከእናቱ ሥር ወድቆ ይቀር ነበር፤ አልዳብራ ከሚባል ሌላ የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት ዝርያ የሆኑ ዘመድ ኤሊዎች ሲለቀቁ ፍሬውን እየዋጡ በየቦታው በተኑት፣ በሆዳቸው ያለፈው ዘርም የተሻለ በቀለ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ሣር ሜዳ ሁሉ የተራቆተ ደን አይደለም። ለሺዎች ዓመታት ሣር ሆኖ በኖረ መሬት ላይ ዛፍ መትከል ማገገሚያ ሳይሆን ጥፋት ነው። የድሮ ሣር ሜዳ ካርቦኑን የሚያኖረው ከመሬት በታች ነው፤ ካርታው ላይ «ክፍት ቦታ» ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ አትፈርሙበት።

ሣር በል እንስሳትን በሚመለከት ከሁሉ የሚያስተምረው የኔዘርላንድሱ ኦስትቫርደርስፕላሰን ነው። ከባሕር በተነጠቀ መሬት ላይ 56 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጥብቅ ቦታ ነው፤ ትልቁ ክፍሉ ረግረግ ነው። በ1983 ሄክ ከብት፣ በ1984 ኮኒክ ፈረስ፣ በ1992 ቀይ አጋዘን ገቡበት። አዳኝ አልነበረም፣ ዙሪያው አጥር ነው፣ ወደ ሌላ ደን የሚወስደው መተላለፊያ ሳይከፈት ቀረ። እንስሳቱ በደጉ ዓመት ተባዙ። ከ2017 ወደ 2018 በተሻገረው የብርድ ወቅት ከ5,000 በላይ ከሚሆኑት ውስጥ ከ3,000 በላይ ሞቱ፤ አብዛኞቹ በረሃብ ከማለቃቸው በፊት በጠባቂዎች የተተኮሱ ናቸው። የሕዝብ ቁጣ ተነሣ፣ ቁጥሩም በመንግሥት ውሳኔ ተገደበ። ከዚህ «ግጦሽ ክፉ ነው» የሚል ትምህርት የወሰዱ አሉ፤ አልገባቸውም። እንግሊዝ ውስጥ በኔፕ እርሻ፣ 1,400 ሄክታር ላይ፣ ከ2001 ጀምሮ ከብት፣ ፈረስ፣ አሳማና አጋዘን ሲለቀቁ ቁጥቋጦውም ብርቅ ወፎቹም ተመለሱ፤ አዳኝ በሌለበት ቁጥሩን የሚቀንሰው ሰው ነው። ልዩነቱ ይኸው ነው። የእንስሳቱ ብዛት የሚወሰነው መኖ በሚያንስበት ወቅት ባለው ሣር ልክ ይሁን፣ በጥጋቡ ወቅት አይሁን። የሚቀንሳቸው አዳኝ፣ የሚሄዱበት መንገድ ወይም ኃላፊነቱን በጽሑፍ የወሰደ ሰው ከሌለ አይለቀቁ።

አዳኝ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሞዛምቢክ ውስጥ በጎሮንጎሳ ብሔራዊ ፓርክ ከ1977 እስከ 1992 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት ከትልልቅ እንስሳት ከ90 በመቶ በላይ አለቀ። መጀመሪያ ጥበቃው ተጠናከረ፣ ሣር በሎቹ በብዛት ተመለሱ። አዳኝ እጅግ በመመናመኑ ጫካ ውስጥ ተደብቆ የሚኖረው ድኩላ ሳይቀር ገላጣ ሜዳ ላይ መዋል ጀምሮ ነበር። 14 የአፍሪካ የዱር ውሾች የተለቀቁት በ2018 ነው፤ የሚበሉት ከተገኘ በኋላ ማለት ነው።

አለቃቀቁን በአጭሩ፦ የሎውስቶን ተኩላዎችን ወዲያው አልለቀቀም፤ በ1995 ለ10 ሳምንት ያህል እዚያው በታጠረ ግቢ አቆይቷቸዋል፣ ወደመጡበት ለመመለስ እንዳይሮጡ። ከመምጣታቸው በፊት የበሽታ ምርመራ ይደረግ። መሥራቾቹ ጥቂት ከሆኑ ዘመዳሞች እርስ በርስ ሲራቡ የሚመጣው ጉዳት ለትውልድ ይተርፋል፤ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠረው የአውሮፓ ጎሽ የ12 እንስሳት ዘር ነው፣ የዘር መጥበቡ አሁንም ያስቸግረዋል። ከሁሉ በላይ እንስሳውን ያጠፋው ምክንያት ይወገድ። የዓረቢያ ኦሪክስ (የሳላ ዘመድ) በ1972 ከዱር ጠፍቶ በ1982 ኦማን ውስጥ ተለቀቀ፤ በ1996 ወደ 450 ደርሶ ነበር። ሕገ ወጥ አደኑ ተመለሰ፣ ቁጥሩ አሽቆለቆለ፣ መንግሥትም የጥብቅ ቦታውን 90 በመቶ ቀነሰ። በ2007 ቦታው ከዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተሰረዘ፤ ከዚያ በፊት የተሰረዘ ቅርስ አልነበረም።

ስለ ሰዎችም አንድ ነገር። «ከንክኪ ነጻ» የተባለ ተራራ ላይ ይሰማራ የነበረው ከብት አይተንም፤ ወደ ሚቀጥለው ተራራ ይሄዳል። ሳይታጠር በፊት ከብቱ የት እንደሚሄድ፣ ሣሩን ማን አጭዶ እንደሚወስድ፣ አዳኝ በግ ቢበላ ማን በስንት ቀን እንደሚከፍል በጽሑፍ ይቀመጥ። የካሣ ሕግ ኖሮ ክፍያው ዓመት ከፈጀ ያልተጻፈ ያህል ነው፣ መርዝ ይቀድመዋል።

ከእናንተ የምንፈልገው የዕቅድ ቅጻችሁ እንዲለወጥ ነው። «የተተከለ ችግኝ ብዛት» የሚለው መስመር ይውጣና በሦስተኛው የደረቅ ወቅት መጨረሻ በሕይወት ያለው ይተካው። ሥራው ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት የከርሰ ምድር ውሃ ጥልቀት ይለካ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው 5 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 2 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ የታችኛው ግማሹ የተበሳና በጨርቅ የተጠቀለለ የፕላስቲክ ቱቦ፣ ክዳንና ሜትር ነው። ቱቦው ይቀበራል፣ በየወሩ ከአፉ እስከ ውሃው ያለው ርቀት ይመዘገባል። ምንም ያልተሠራበት ተመሳሳይ ቦታ አጠገቡ ይተው፤ ያለ እሱ ደግ ዝናብ ያመጣውን ለውጥ ፕሮጀክቱ ያመጣው አድርጋችሁ ትቀበላላችሁ። ከበጀቱ ውስጥ ለጥገና የሚሆን ለብቻው ይያዝ፤ ክትር ሁሉ ከመጀመሪያው ኃይለኛ ጎርፍ በኋላ መታየትና መጠገን አለበት፣ ያኔ ደግሞ ብዙ ፕሮጀክቶች ሒሳባቸውን ዘግተዋል። እንዲሁም እያንዳንዱ ዕቅድ አጥሩ መቼ እንደሚነሣና ማንኛውም ሥራ የሚቆምበት ምልክት ምን እንደሆነ ይግለጽ።

እነዚህን የማይመልስ ሰነድ ሲመጣላችሁ፣ የቀነ ገደቡ ቀን ቢቀርብም፣ ለአዘጋጁ መልሱለት። እንደገና ለማዘጋጀት የሚወስደው የአንድ ዝናብ ወቅት ነው።

ከሰላምታ ጋር

በሥነ ምህዳር ማገገም ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለዕቅድ ገምጋሚዎች
ለለጋሽ ድርጅቶች